ያለ ገፊ

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ሰፈራችን ኮልፌ የሚነቃው በእኛ አሮጌ መኪና ነበር። ባለቤቴ ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሩ ያጓራና ይተዋል፤ ደግሞ ያዞራል። ይሄኔ ጎረቤቶቻችን እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ይወጣሉ። ኮልፌ መቼም ገፊ አይጠፋም። "በለው! በለው!" እያሉ ቁልቁል ሲገፏት ትነሳለች፣ ይጨበጨባል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። እሁድ እሁድ የምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን ያለው ከቤታችን በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው፤ እኛ ግን ቁልቁል ተገፍተን፣ ታች በ18 ማዞሪያ ሰፈር በኩል ዞረን ነበር የምንደርሰው። ገፊ ስላልጠፋ፣ ለምን አትነሳም ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ባለቤቴ በመጨረሻ ሰለቸው። አርብ ማታ "እሁድ ጠዋት ደላላው ገዢ ይዞ ይመጣል" አለኝ። ደሜ ፈላ። አማቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከሰው ጋር ተጋፍተው ታክሲ መሳፈር አይችሉም። መኪናዋ ከተሸጠች የእሁድ ቅዳሴያቸው ቀረ ማለት ነው። ይህንን ስነግረው "ታዲያ አንቺ አስነሺያታ!" አለኝ። እልኸኛ መሆኔን ረስቶት መሆን አለበት።

ቅዳሜ እሱ ሥራ ሲሄድ ኮፈኑን ከፈትኩ። መካኒኮቹ ባትሪም ካንዴላም ቀይረው ነበር። እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያገኛት ወዲያው ትነሳለች። ጠዋትም ሞተሩ ደህና ይዞራል፣ ቤንዚኑም ይሸታል። ጠላቷ ብርዱ ብቻ ነው። የድሮ መኪና ሲበርዳት አየር ተቀንሶላት ቤንዚኑ መብዛት እንዳለበት ስልኬ ላይ አይቻለሁ። ከመሪው ሥር ያለችው ተሳቢ እጀታ፣ ቾክ የሚሏት፣ የተሠራችው ለዚሁ ነው። ባለቤቴ ደግሞ እሷን ሳይስብ ቁልፍ አዙሮ አያውቅም። ታዲያ ምን ሆነች?

አማቴን ደግፌ የሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና የአየር ማጣሪያውን ክዳን ፈታሁ።

"እማማ፣ እስቲ ያቺን ይሳቡልኝ።"

"ሳብኩ።"

"እንደገና።"

"ልጄ፣ ልነቅላት ነው እኮ!"

የካርቡራተሩን አፍ የምትዘጋው ትንሿ ክዳን ግን ንቅንቅ አላለችም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ለካ የቾኩ ገመድ ተበጥሷል፤ ክዳኗም እንደተከፈተች በሽቦ ታስራለች! ለካ ስንት ጠዋት ሙሉ ባዶ ገመድ ሲሳብ ኖሯል። ሽቦውን በፒንሳ ቆረጥኩት። አየር ጤና ሰፈር ካለ መለዋወጫ ሱቅ አዲስ ገመድ ገዝቼ ስገጥም ዋልኩ፤ ሁለት ጥፍሬ ተሰበረ። ለባለቤቴ ትንፍሽ አላልኩም።

እሁድ ጠዋት ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባ ነበር። ደላላውና ገዢው በራፋችን ላይ ቆመዋል። አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቢና ተቀምጠዋል። ጎረቤቶቻችን እንደ ልማዳቸው ከኋላ ተሰልፈዋል። መሪው ላይ እኔ ስወጣ ባለቤቴ ሳቀብኝ። ቾኩን ሳብኩ፣ ነዳጅ መስጫውን አንዴ ረግጬ ለቀቅኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ።

ተነሳች! ሰው እጁን እንኳ ሳያሳርፍባት! እልልታው ከአፌ አመለጠኝ፤ አማቴም ተቀበሉኝ።

ገዢው ጭራሽ ወደዳት። "በቃ፣ እወስዳታለሁ" አለ።

አማቴ መስኮቱን ዝቅ አደረጉና "እኔንም ጨምረህ ነው የምትወስደው፤ አልወርድማ!" አሉት።

እኔ ደግሞ የቆረጥኩትን ሽቦ ለባለቤቴ ሰጠሁት። አገላብጦ አየው፤ ሳቁ ጠፋ።

"ይሄን እኮ ያሰርኩት እኔ ነኝ" አለ። "ገመዱ የተበጠሰ ጊዜ፣ ለጊዜው ብዬ። ከዚያ ጭራሽ ረሳሁት።"

ከት ብዬ ሳቅሁ። እሱም ወደ ደላላው ዞሮ "ይቅርታ ወንድሜ፣ አትሸጥም" አለው።

"እኛስ ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት በምን እንሙቅ?" አለ ከገፊዎቹ አንዱ፣ እጅጌውን መልሶ እያወረደ።

"በጸሎት!" አሉ አማቴ።

መሪውን ከቁልቁለቱ መለስኩና ዳገቱን ቀጥ ብለን ወጣን።