ለጋሽ ደስታ ያልኩት አሜን

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤት ያሉት ልጆች አዲስ ማሽን ተክለው ሲጨርሱ፣ በዕድሜ ትልቁ እኔ ነኝና «ይመርቁን» ብለው ከበቡኝ። ጉሮሮዬን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። ውሸቴን ነው። ምርቃት ሲባል ጋሽ ደስታ ይመጡብኛል።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣን፣ ሦስት ጓደኛሞች አብነት ሰፈር በተከራየናት የቆርቆሮ ቤት ዕቃ የሚያመላልስ ሮቦት እንሠራ ነበር። ሮቦት አልነው እንጂ ጎማ የበቀለበት ጠረጴዛ ነው። ክረምት ስለነበር ጣሪያው ሲያፈስ ጃንጥላ የምንይዘው ለእሱ ነበር። ልደታ ያለ አንድ መጋዘን እንድንሞክረው ፈቀደልን፤ ከሠራ ብዙ አድርገን እንድናመርትለት ሊያዘን።

ሮቦቱ መንገድ የሚማረው ሰው እየተከተለ ነው። ያ ሰው ጋሽ ደስታ ሆኑ፤ እዚያው መጋዘን ጋሪ ሲገፉ የሸበቱ ሰው። ከፊቱ እየሄዱ በየመታጠፊያው ዞር ብለው «ና፣ አይዞህ፣ ና» ይሉታል። ሲቆምባቸው «ደክሞት ነው፣ አትቆጡት» ብለው ይሟገቱለታል። ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሳህን ፉል ስንበላ ቃሪያውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «አንተ ወጣት ነህ፣ ቻለው» ይሉኝ ነበር። ደግነታቸው ዛሬም ያመኛል።

አንዱን ማስኬድ ሌላ፣ ብዙ አድርጎ ማምረት ሌላ። ስንት ነገር አፍርሰን ከሠራን በኋላ ውሉ ተፈረመ። የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ሮቦቶቹ ሲገቡ ጋሪ ገፊዎቹ እንደሚሰናበቱ ነገረኝ።

«ለጊዜው በሆድህ ያዘው» አለኝ። ያዝኩት።

የመጀመሪያዎቹ ሮቦቶች የገቡ ዕለት ድፎ ዳቦ ተገዛ። ትልቅ ሰው ይባርክልን ሲባል ሁሉም ወደ ጋሽ ደስታ ዞረ። ኮፍያቸውን አውልቀው እጃቸውን ዘረጉ።

«እጃችሁ ይባረክ!»

«አሜን!»

«የሠራችሁት ይብዛ፣ ይህን ቤት ይሙላው!»

ሁሉም አሜን አለ። የእኔ አፍ አልከፈት አለ። ጋሽ ደስታ አይተውኝ ፈገግ አሉ።

«አንተስ ልጄ? አሜን በል እንጂ!»

«አሜን» አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ደስታ ከሥራ ተሰናበቱ። ጓደኞቼ «እኛ ባንሠራው ሌላ ይሠራው ነበር» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ግን እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሮቦቱ አይደለም፤ ሰውየው ሳያውቁ በገዛ እንጀራቸው ላይ ሲመርቁ፣ እያወቅሁ አሜን ማለቴ ነው።

እሁድ ዕለት ልደታ ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበሩት አዛውንት ዞር አሉ። ጋሽ ደስታ ናቸው፤ ምርኩዝ ይዘዋል። ጉንጬን ስመው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሮቦቱ ነው።

«ያ ልጅ እንዴት ሆነ? በዛ?»

«በዝቷል፣ ጋሼ።»

«ተመስገን» አሉ፣ ከልባቸው።

ይቅር ይበሉኝ ልል ስል ታክሲው መጣ። የቀረው አንድ ወንበር ነው፤ ተራው ደግሞ የእሳቸው።

«አንተ ግባ፤ ሥራ ይኖርሃል። እኔ ምን ያስቸኩለኛል?»

ገባሁ።