ግራጫው በር

ቦሌ ቡልቡላ ባለው ኮንዶሚኒየማችን፣ ጎረቤቴ የብረት በሩን ሲቀባ የቲነሩ ሽታ ደረጃውን ሞላው። ወዲያው የልጅነት ግቢያችን ትዝ አለኝ።

ጉርድ ሾላ ነበርን፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አባዬ ከአያቴ የወረሳትን አሮጌ ቮልስ እሁድ እሁድ አብረን እናድሳት ነበር። እሱ የተጨረማመተውን ቆርቆሮ በመዶሻ ያቃናል፤ እኔ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞልቼ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት እፈገፍጋለሁ። ግራጫ ብናኙ ቅንድባችን ላይ ይቀመጣል።

አንድ በር ብቻ ሲቀረን፣ ጓደኞቼን ጭነን ኦሎምፒያ ድረስ ለመንሸራሸር ጓጓሁ። ስቱኮው ቶሎ እንዲደርቅልኝ ብዬ የሚቀላቀልበትን ማድረቂያ አበዛሁበት። በሩን ሳይነካ መቀቢያው ላይ እንዳለ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ላስረዳ ስል እንባዬ ቀደመኝ።

አባዬ ከት ብሎ ሳቀ።

«አንቺን ደግሞ ማን አባረረሽ? ይቺ እኮ ሃያ ዓመት ቆማ ጠብቃናለች!»

ከዚያ ዓይኔን አስጨፍኖ፣ መዳፌን ይዞ በሩን አስዳሰሰኝ።

«ዓይን ይቸኩላል፤ እጅሽ አልቋል ሲልሽ ንገሪኝ።»

ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ዳስሼ «አለቀ» እላለሁ፤ እሱም ይዳስስና «ገና ነው» ይል ነበር። እውነት ሻክሮት ይሁን፣ ወይስ እሁዳችን እንዳያልቅ ፈልጎ፣ ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ከአባዬ የወረስኳት ቮልስ ዛሬ ታች ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ቆማለች፤ ያ አንድ በሯ ብቻ እስካሁን ከነስቱኮው ግራጫ ነው። ጎረቤቴ ቀለም ተርፎታል።

«የቮልስሽን ግራጫ በር ልቀባልሽ እንዴ?» አለኝ።

ወርጄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በሩን ዳሰስኩት። እንደ መስታወት ለስልሷል።

«ገና ነው» አልኩት።