ለካረን ያዘጋጀነው መርዶ

ይህ የሆነው የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ኅዳር ወር ውስጥ ነው። ደባርቅ ላይ አስጎብኚ ሆኜ ስሠራ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሰው ገደል አፋፍ ላይ ራሱን ሲስት አይቻለሁ፤ ጭላዳ ዝንጀሮ የሰው ፓስፖርት ይዞ ሲሮጥም አይቻለሁ። እነዚህን ሳወራ እኔም ሰሚውም እንስቃለን። ይህኛውን ሳወራ የሚስቀው ሰሚው ብቻ ነው።

እንግዳዬ ካረን ትባላለች። ከዴንማርክ የመጣች፣ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋት ነርስ ናት። የተዋዋልነው ለስምንት ቀን የእግር ጉዞ ነበር፤ ከቡይት ራስ ተነስተን፣ አምቢኮ አድረን፣ ራስ ዳሽንን ወጥተን መመለስ። አብረውን ምግብ አብሳያችን አስናቀ፣ ጠመንጃ ይዘው የሚጠብቁን ስካውት ጋሼ ፈንቴና አንድ ባለ በቅሎ ነበሩ።

ካረን ገና በመጀመሪያው ቀን ስልኳን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ቀበረችው። "የምከፍተው ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ ልደውልለት ለአባቴ ቃል ገብቻለሁ" አለችኝ። ለቤተሰቧ የሰጠችው ደባርቅ ላይ ዕቃዋን ያስቀመጠችበትን ሆቴል ስልክ ብቻ ነበር።

አምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አምቢኮ ደረስን። ያኔ እዚያ ስልክ የሚሠራው ከመንደሩ በላይ ያለ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ነበር። ወጥቼ ስቆም ከሆቴሉ ባለቤት ከእትዬ በላይነሽ መልእክት ገባልኝ። የካረን ወንድም የላከውን እንግሊዝኛ እንዳለ ነበር ያስተላለፉልኝ። "አባባ በጠና ታሟል። ሆስፒታል ገብቷል። ካረን ቶሎ ትደውል" ይላል።

እኔም እንደ ማንኛውም የአገሬ ሰው፣ አባትየው መሞቱን ወዲያው አወቅሁ።

ሩቅ አገር ያለ ሰው ዘመዱ ሲሞትበት "ሞተብህ" ተብሎ ተነግሮት ያውቃል? "ትንሽ አመም አድርጎታልና ና እየው" ነው የሚባለው። መርዶው የሚነገረው ከቤት ከገባ በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ግራና ቀኝ የሚይዘው ሰው ቆሞ ነው። "ትንሽ አመመው" ማለት ሞተ ከሆነ፣ "በጠና ታሟል፣ ሆስፒታል ገብቷል" የሚለውን ለመተርጎም ብዙ መማር አያስፈልግም። እንዲያውም የተቀበረ መሰለኝ።

ወርጄ ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው። ጋሼ ፈንቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ነፍስ ይማር። ዕድሜው ስንት ነበር?" አሉ።

"ሰባ አራት ብላኛለች።"

"ደህና ቆይቷል" አሉና ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ።

አሁኑኑ እንንገራት ያለ ሰው በመካከላችን አልነበረም። በዚያ ብርድ፣ እናት የለ እህት የለ፣ በማን ትከሻ ላይ ታልቅሳለች? ደባርቅ አውርደን፣ ሰው ሰብስበን፣ በወጉ እናርዳት አልን። የቀረው ራስ ዳሽንን ሳትወጣ የምትመለስበት ምክንያት መፈለግ ነበር። ዕጣው አስናቀ ላይ ወደቀ። ሆዱን ይዞ ወደቀ።

ነርስ መሆኗን ያስታወስነው ከወደቀ በኋላ ነው።

ካረን ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ሆዱን ጫን ጫን እያደረገች መረመረችው። አስናቀ የት የት ማቃሰት እንዳለበት ስላላወቀ በሁሉም ቦታ አቃሰተ። ወጥታ "ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል። ምግብ እንዳትሰጡት። ጠዋት በበቅሎ ወደ መኪና መንገድ እናውርደው" አለች።

"ራስ ዳሽንስ?" አልኳት፣ ላለማስነቃት ብዬ።

"ተራራው የትም አይሄድም" አለችኝ። አንጀቴን በላችው። እኛ እንዴት አድርገን እናሳምናት ብለን ስንጨነቅ፣ እሷ ለሁለት ዓመት ገንዘብ ያጠራቀመችበትን ነገር ለአንድ አብሳይ ብላ በአንድ ቃል ተወችው።

በማግስቱ ሌሊቱ ሳይነጋ ተነሳን። አስናቀ በጭነት በቅሎ ላይ ተቀምጦ፣ ከሆዱ ይልቅ ሌላው ገላው እየታመመ፣ ቀኑን ሙሉ ተጓዘ። ካረን ቁልቁለት ሲሆን ጠጋ ብላ እጁን ትይዘዋለች። ባለ በቅሎው ቆሎውን ሲቆረጥም አስናቀ ፊቱን ያዞር ነበር። እኛ ደግሞ ሳናስበው ካረንን እንደ ሐዘንተኛ መያዝ ጀምረን ነበር። ጋሼ ፈንቴ ቦርሳዋን ነጥቀው ተሸከሙላት። ባለ በቅሎው ማንጎራጎሩን ተወ። ብቻዋን ድንጋይ ላይ በተቀመጠች ቁጥር አንዳችን ሄደን አጠገቧ እንቀመጣለን፤ ምንም አንናገርም።

ስምንት ሰዓት ገደማ የቧሂት ማለፊያ ላይ ወጣን። ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ስልክ ይሠራል። ካረን ዞር ዞር ብላ አየችና "ራስ ዳሽን ባይሆንም ይህም ከፍ ያለ ነው። ከዚህ ለአባቴ ልደውልለት" ብላ ቦርሳዋን መፈተሽ ጀመረች።

እኔ ለቱሪስት ብዙ ያላረጋገጥኩት ነገር ነግሬያለሁ፤ የአበባ ስም፣ የድንጋይ ዕድሜ። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ግን ተናግሬ አላውቅም ነበር። "በዚህ ብርድ የጠፋ ስልክ ከተከፈተ ባትሪው ይበላሻል" አልኳት። ስልኩን እንደያዘች አየችኝ። ከዚያ መልሳ ከተተችው። ስለ ተራራው የሚያውቀው አስጎብኚዋ ነው ብላ ነው ያመነችኝ።

ከማለፊያው በታች፣ የመኪና መንገድ ያለበት ጨነቅ ላይ፣ ቀድሜ ደውዬ ያስጠራሁት መኪና ተቀበለን። ደባርቅ ስንደርስ ካረን መጀመሪያ ክሊኒክ ካልሄድን ብላ ሙጭጭ አለች። የማውቀው የጤና ባለሙያ ተረኛ ነበር። በጆሮው ነገርኩት። "እግዚአብሔር ያጽናት" አለና አስናቀን አስተኝቶ ግሉኮስ ሰቀለለት። ሆቴል ስትገባ ጠፍቶ የከረመው ስልኳ በብርዱ ባትሪ ጨርሷል፤ ከተማውም መብራት አልነበረውም። ይህኛው የእኛ ሥራ አይደለም። ደክሟት ስለነበር ወዲያው ተኛች።

ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰበሰበ። መምሬ ውባለም መጡ። የብርድ ልብስ ነጋዴው ሐጂ ከማል መስጊድ ሰግደው ከዚያው በቀጥታ መጡ፤ ደባርቅ ላይ እሳቸው የሌሉበት መርዶ የለም። እትዬ በላይነሽና ጎረቤቶቻቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ከእኔና ከጋሼ ፈንቴ ጋር አሥራ አንድ ሆንን። ማናችንም ካረንን ከሦስት ጊዜ በላይ ያየናት አይደለንም፤ ከጉዞው ሰዎች በቀር። ቢሆንም ሁላችንም ከልብ አዝነን ነበር።

በሩን አንኳኳሁ። ካረን ከፈተች፤ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ መስቀል የያዙ ቄስና ጠመንጃ የያዙ ሽማግሌ ተደርድረው አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

"አስናቀ ሞተ?" አለችኝ፤ እንባዋም ዱብ ዱብ አለ።

አስናቀ ከክሊኒክ ወጥቶ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ነበር። እጁን ከፍ አድርጎ አሳያት።

መምሬ ውባለም ነገሩ ሳይበላሽ ቶሎ ጀመሩ። "ልጄ፣ ሰው ሁሉ መንገደኛ ነው። አባትሽ አርፈዋል። እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሉ። ተረጎምኩ። ሴቶቹ ዋይ አሉ። እትዬ በላይነሽ አቅፈው አስቀመጧት። ካረን አፏን በእጇ ይዛ ወለሉን ታይ ነበር። "መቼ? ማን ነገረህ?" አለችኝ።

መልእክቱን አሳየኋት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

"ሞተ የሚለው የቱ ጋ ነው?"

"ሞተ አይልም።"

"እና?"

"እንዲህ ከተባለ ሞቷል ማለት ነው" አልኳት። በእንግሊዝኛ ስሰማው ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ስልኬን ከእጄ ወስዳ ደወለች። ሴቶቹ ለቅሷቸውን አቋረጡ። ወንድሟ አነሳ። በቋንቋቸው ስለነበር የሚሉትን አልሰማሁም፤ ግን ጀርባዋን አይ ነበር፤ መጀመሪያ ቀና አለ፣ ከዚያ ደግሞ ጎበጠ። ዘግታ ነገረችኝ። አባቷ አልሞተም። ልቡ ነው። ትናንት ከሰዓት ቀዶ ሕክምና ገብቷል፤ ከመግባቱ በፊት ድምፅሽን ልስማ ብሎ እስከ መጨረሻው ስልኩን ይዞ ነበር። አሁን ቀዶ ሕክምናው አልቋል፤ እሱ ግን አልነቃም። ይንቃ አይንቃ አላወቁም።

ለሰዎቹ ተረጎምኩ።

"ትናንት እዚያ ላይ ስልኩ ይሠራ ነበር?" አለችኝ።

"ይሠራ ነበር።"

ብትሰድበኝ፣ በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ሰውየው ሳይነቃ ቢቀር፣ የልጁን ድምፅ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ያን ሰዓት ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ከጎንደር የሚነሳው አውሮፕላን የከሰዓት ስለነበር እስከዚያ መጠበቅ ነበረባት። ሰዎቹ ወደየቤታቸው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ሐጂ ከማል ግን ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። "የመጣነው ለለቅሶ ነበር። ካልሞተ ደግሞ ለጥየቃ ይሁን" አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ። መምሬ በአንድ ጥግ በዝግታ ይጸልያሉ፣ ሐጂ በሌላው ጥግ ዱዓ ያደርጋሉ። አስናቀ ሁለት ቀን ሙሉ ያልበላውን በአንድ ጊዜ በላ፤ ካረን ከፊቱ ተቀምጣ ታየው ነበር።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ካረን ከእጄ ነጠቀችው። ትንሽ ሰምታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አባቷ ነቅቷል፤ ራሱ ነበር የደወለው። ብዙ አወራች፤ አለቀሰች፤ ሁላችንንም በእጇ እያሳየች ስለ እኛ ነገረችው። ከዚያ ድንገት ሳቀችና ወደ እኔ ዞረች።

"ለቀብሬ ስንት ሰው መጣ ይላል" አለችኝ።

ተረጎምኩ። መምሬ ውባለም በዓይናቸው ዙሪያውን ቆጠሩ። "አሥራ አንድ በይው። ቀኑ የሥራ ቀን ስለሆነ ነው" አሉ።

ጎንደር ድረስ ሸኘኋት። ዳባት ላይ ሾፌሩ ውሃ ሊገዛ ሲወርድ "ለእኔ ብላችሁ እንደሆነ ገብቶኛል። ያንን ሁሉ ሰው አይቻለሁ። ግን መስማት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ያን ቀን፣ አምቢኮ ላይ" አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። "እሺ" አለች። ይቅር ያለችኝ አልመሰለኝም። ስትሰናበተኝ ግን አቀፈችኝ።

ከዚያ ወዲህ እንግዶቼን ጉዞ ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ ከቤት ክፉ ወሬ ቢመጣ እንዴት ልንገራችሁ እላለሁ። ደንግጠው የሚያዩኝ አሉ። ጥያቄው ጉዞ ለመጀመር ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን አልተውኩትም።

ከአንድ ዓመት ከምናምን በኋላ፣ ገበያ ውስጥ ጫማ እየለካሁ ሳለሁ ከካረን መልእክት ደረሰኝ። ሰላምታ የለውም። "አባቴ ዛሬ ጠዋት ሞተ። አጠገቡ ነበርኩ" ይላል። አንድ እግሬ ላይ ጫማ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። አይቼው ለማላውቀው ሰው አዘንኩ። በቀጥታ መነገር እንዴት እንደሚመታ ያኔ ነው የገባኝ።

እትዬ በላይነሽ ቤት እነዚያኑ ሰዎች ጠራኋቸው። ሐጂ ከማል በሩ ላይ ቆም ብለው "አሁንስ እርግጥ ነው?" አሉኝ።

"እርግጥ ነው። የነገረችኝ ራሷ ናት።"

ገብተው ተቀመጡ። እኔም አለቀስኩ፤ ሰው እስኪሰበሰብልኝ፣ ጎህ እስኪቀድልኝ ሳታስጠብቅ ያረዳችኝ እሷ ብቻ ናት።