እኔን አውርደው ኮጮ የጫኑባት መኪና

ባለፈው ሳምንት ሁለት ጎረምሶች የሞተር ዘይት ሊገዙ ቡታጅራ ካለው ሱቄ መጡ። አንደኛው ከበሩ ጥግ ካለችው ወንበር ላይ ዘና ብሎ ተቀምጦ ስለ ድሮ የመኪና ውድድር ያወራል። «ከዚህ የሄደች አንዲት ስቴሽን ዋገን ነበረች አሉ። የሠራቻት ሴት ናት። መሀል ሜዳ ላይ ብትንትኗ ወጣ» አለና ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። መኪናዋም አልተበታተነችም።

ያኔ ገና ልጅ ነኝ። ትምህርቱን ብዙም አልገፋሁበትም፤ የማውቀውን ያወቅሁት እዚሁ ቡታጅራ በአጎቴ በሸምሱ ጋራዥ መኪና ሥር ተጋድሜ ነው። ጓሮው ውስጥ ከጉንችሬ ገበያ ቅቤ ስታመላልስ ያረጀች ስቴሽን ዋገን ቆማ ነበር፤ ፀሐይ ሲመታት የቅቤው ሽታ ከወለሏ ይነሣል። ለአረፋ ከአዲስ አበባ የሚገቡት ልጆች ወልቂጤ ዳር ባለው ሜዳ ላይ አሮጌ መኪና እናወዳድራለን ብለው አስወሩ። አጎቴም «ሙኒራ፣ ይቺን ካስነሳሻት መሪውን የምትይዢው አንቺ ነሽ» አለኝ። በሰው ፊት ነው ያለኝ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሞተር ለመለወጥ አቅም አልነበረንም። ያለን መላ ክብደቷን መቀነስ ብቻ ነበር። የኋላ ወንበሮቿን ነቀልሁ፣ የጣሪያውን ፖርቶመጋላ ፈታሁ፣ ምንጣፏን ገፈፍሁ። የኋላ በሯ ከነመስታወቱ እንደ ድንጋይ ይከብድ ስለነበር በስስ ላሜራ ተካሁትና በቃጫ ገመድ አሰርሁት። መኪናዋ ባዶ ከሆነች በሩን ምን ይገፋዋል? የሹፌሩንም ወንበር ጥዬ ከብረት ዘንግ ክፈፍ በየድሁና እንደ አልጋ በቃጫ ጎነጎንሁት። አክስቴ ዘይነባ እንሰት የምፍቀው ለመኪና ነው እንዴ እያለች ስታጉረመርም ከርማ፣ ነጭ ነጩን ቃጫ መርጣ የሰጠችኝ እሷው ናት። ዝናቡ የጋራዡን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ግሪስ ባልለቀቀው እጄ ትኩስ ኮጮ በጎመን እየጎረስሁ የሠራኋት መኪና ናት። የሞከርኋት ቀን አቀበቱን እንደ ፌንጣ ዘለለችው።

ከዚያ አረፋ ደረሰ፤ የአጎቴ ልጅ ነስሩም ከመርካቶ ገባ። ልንሄድ ስንል አጎቴ ዓይን ዓይኔን ሳያይ፣ «ነስሩ ይንዳ። አንቺ ወፈር ብለሻል፤ መኪናዋ ደግሞ ቀላል መሆን አለባት» አለኝ።

ነስሩ አጠገቤ ቆሟል፤ በር የሚሞላ ሰው ነው። አንድ ሰው እንኳን አልሳቀም።

«መሪው ያንቺ ነው ብለኸኝ አልነበር?»

«ልጄ፣ ያ ሁሉ የአዲስ አበባ ልጅ ተሰብስቦ፣ ሰው ምን ይላል?»

እውነቱ ይኸው ነበር። ታዲያ ክብደቴን ምን አመጣው?

በእኛ አገር በአረፋ ወደ ዘመድ የሚሄድ መኪና ባዶውን አይሄድም። መጀመሪያ አክስቴ ወልቂጤ ላገባችው ልጇ በኮባ የተጠቀለለ ኮጮና አንድ ማሰሮ ቅቤ አስገባች። ጎረቤት የመኪናዋን ሰፊ ሆድ አየና እየተሯሯጠ የየራሱን አመጣ። ጉንችሬ ላይ ደግሞ ዘመዶቻችን መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁን። እኔ ከኋላ በአጎቴ ጭነት መኪና ተቀምጬ፣ ያቀለልኋት መኪና በየመንደሩ ጭራዋ ሲወርድ አያለሁ። ባዶ መሄድ አለባት ብዬ ብጮህ፣ ሰው በዓል እንደናቅሁ እንጂ የመኪና ነገር እንዳወራሁ አልቆጠረልኝም።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ቢያንስ ለውድድሩ ያህል አውርዱት ብዬ ለመንሁ።

«የሰው አደራ አፈር ላይ አላስቀምጥም» አለ ነስሩ። «ደግሞ ውሻውስ?»

ራሴ ላወርድ ጎንበስ ስል አጎቴ ክንዴን ይዞ ዞር አደረገኝ። መኪናዋ ተነሣች። ዳገቱን እያቃሰተች ወጣች፤ ቁልቁለቱ ላይ ጉብታው ሲያነጥራት ያ ሁሉ ሸክም በሩን ገፋው፣ ገመዱም ተበጠሰ። ኮጮው ሜዳውን ይዞ ተንከባለለ። ማሰሮው ተሰብሮ ቅቤው ፈሰሰ፤ ከኋላ የመጣውም መኪና በእሱ ተንሸራትቶ ዞረ። ሕዝቡ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እኛም መጨረሻ ወጣን።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። አዘጋጆቹ ምን ሆናችሁ ነው ብለው ሲጠይቁ ግን፣ አጎቴ በእጁ ወደ እኔ አመለከተና «በሩን የሠራችው ልጅቷ ናት» አለ። ሲሾፍር የነበረው ልጅ ስም አልተነሣም። የኮጮው ነገርም አልተነሣም። ይኸው እስከዛሬ እንደዚያው ይወራል።

ጎረምሳውን ተነሥ አልሁት።

«ምን አጠፋሁ፣ እትዬ?» አለ ደንግጦ።

«የተቀመጥህባት ወንበር የዚያች መኪና ናት። ያን ዕለት ማታ በገዛ እጄ ፈትቼ ያመጣኋት።»

ጎንበስ ብሎ ቃጫውን በጣቱ ነካካው። ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርሁት፤ ለሚያወራለት ሰው ሁሉ እንዲህ ብለህ ንገር ብዬም አዘዝሁት። አጎቴ ስለ ክብደቴ ያለው ጋ ስደርስ ሊስቅ ብሎ ፊቴን አየና ተወው።

ሲሄዱ ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ። አሁንስ እውነትም ወፍሬያለሁ። ቃጫው ግን ሲጥ እንኳን አላለም።