ሲስተም እስኪመጣ

አሶሳ ውስጥ ከቀርከሃ አልጋና በርጩማ የሚሠራው አልአሚን «ሲስተም» የምትባለዋን የፈረንጅ ቃል ያልሰማበት ቦታ የለም። ሠርግ ቤት የሰው ቁመት የሚያህል ስፒከር ሲወርድ «ሲስተሙ መጣ!» ይባላል። ሆዱን አሞት ጤና ጣቢያ ቢሄድ «የምግብ መፍጫ ሲስተምህ ነው» አሉት። የሰፈሩ ቡድን አራት ለባዶ ሲሸነፍ አሠልጣኙ «ሲስተም ቀይረን ነው» አለ። ደላላ ጆሮው ሥር ሆኖ «በሲስተም እንጨርስልህ» ሲለው ደግሞ እጅህን ወደ ኪስህ ስደድ ማለቱ ነው። ሚስቱ ሳትቀር አምሽቶ ሲገባ «ዛሬስ በምን ሲስተም ልትሸውደኝ ነው?» ትለዋለች።

ይሁን። ቃል ነው፤ ይተጣጠፋል። ሰው የሚገድለው ንግድ ፈቃድ የሚታደስበት መስኮት ላይ ያለው ሲስተም ነው። እሱ ሁልጊዜ የለም።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ነው። ወሩ ሳይወጣ ፈቃዱን ያላሳደሰ ሱቁ ይታሸጋል ተብሏል። አልአሚን ከዚያች ሱቅ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። አልጋ የሚያጋጥመው፣ መጋዙን የሚሰቅለው፣ ምሳውን የሚበላው እዚያው ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ይሄዳል፤ መስኮቷ ላይ የተቀመጠችው ሳምሪም ቀና ሳትል «ሲስተም የለም» ትላለች።

«መቼ ይመጣል?»

«እኔ ነኝ እንዴ የማመጣው? ከላይ ነው።»

ከላይ! እዚህ አገር ዝናብም ሲስተምም ከላይ ነው የሚመጣው። ዝናቡ ግን ቢያንስ ወሩን ያውቃል።

ወረፋው በሰው አይያዝም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ማን ይቆማል? አንዱ ድንጋይ ያስቀምጣል፣ አንዱ ጀሪካን፣ አንዱ አንድ እግር ነጠላ ጫማ፤ ባለቤቶቹ ማንጎው ጥላ ሥር ይጋደማሉ። ዕቃው ባለበት ሰውየው አለ። ይህን ሕግ የሚያስከብሩት ጥበቃው ጋሽ ገረሱ ናቸው። በአካል ቆሞ «እኔ እኮ እዚህ ነኝ!» እያለ የሚከራከርን ሰው «አንተን አላውቅህም፤ ድንጋይህ የታለ?» ብለው መልሰውታል። ሰው ከድንጋይ ያነሰበት መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሙ ይቅር።

አልአሚን በርጩማ አስቀመጠ። ጣጣውን ያመጣችው እሷ ናት። ከእሱ ቀጥላ ጀሪካን ያስቀመጠችው ኦቾሎኒ ሻጯ ሂባ በርጩማዋን ዳሰስ አደረገቻትና፣ «ወንድሜ፣ ለእኔም አንድ ሥራልኝ። ይሄ ጀሪካን ወገብ ገደለ» አለችው። ሠራላት። ያየ ሁሉ «ለእኔስ?» አለ። አልአሚን ቀርከሃውን በባጃጅ አስጭኖ ማንጎው ሥር አወረደና መጋዙን ያዘ። ወዲያው ድንጋዩም ጀሪካኑም ተነሥቶ ሰልፉ በሙሉ በርጩማ ሆነ። ሱቁ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ያላየው ገበያ ሲስተም በሌለበት ግቢ ደራለት።

አንድ ከሰዓት የቁጥጥር ክፍሉ ሠራተኛ ስለሺ ወጥቶ ከበላዩ ቆመ።

«ፈቃድ አለህ?»

«እሱን ላሳድስ አይደል የተሰለፍኩት?»

«ስለዚህ የታደሰ ፈቃድ የለህም።»

«ሲስተም የለም አላችሁኝ እኮ!»

«እሱ ሌላ ክፍል ነው። እኔ ያለ ፈቃድ ስትነግድ ነው ያገኘሁህ።»

«እሺ ቅጣኝና እንገላገል።»

«ቅጣት የሚቆረጠው በሲስተም ነው።»

እንግዲህ ፍረዱ። ማሳደስ አይቻልም፣ መቀጣትም አይቻልም። ያለ ሲስተም የሚሠራው ጥፋተኛ መሆን ብቻ ነው።

የተሸጡት የገዢ ናቸው ብሎ ተዋቸው ስለሺ፤ ወረፋ ይዛ የቆመችውን የአልአሚንን በርጩማ ግን በኤግዚቢትነት አንጠልጥሎ ገባ። የኤግዚቢት ክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው ስብሰባ ሄዷል። የሳምሪ ወንበር ደግሞ እግሩ ተሰብሯል። ሳምሪ ኤግዚቢቱ ላይ ተቀመጠች።

በወሩ መጨረሻ ቀን ከውስጥ «ሲስተም መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ሕዝቡ ከጥላው ተነሥቶ ወደየበርጩማው ሮጠ። አልአሚንም ሮጦ ከሂባ ፊት፣ የድሮ ቦታው ላይ ቆመ።

«ዕቃህ የታለ?» አሉት ጋሽ ገረሱ።

«ወሰዱብኝ እኮ! እርስዎም ሲያዩ!»

«አይቻለሁ። ዕቃ ከሌለ ግን ወረፋ የለም። ላንተ ብዬ ሕግ ላፍርስ?»

«ነገ ሱቄ ሊታሸግ ነው፣ ጋሽ ገረሱ!»

«ከኋላ ያዝ።»

ኋላው አስፋልቱ ጋ ደርሷል። ይህን ጊዜ ሂባ አንገቷን አስግጋ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች፤ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ገበያ ውስጥ የለመደችው አማርኛ አንቱታ የለውም።

«ገረሱ፣ ዕቃው ባለበት ሰውየው አለ ብለሃል፣ አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«የሱ በርጩማ ያውና! ሳምሪ ሥር! ሁላችንን አልፎ ገብቷል። እሱ ነው አንደኛ!»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። «እውነቷን ነው!» «ሕግ ይከበር!» ጋሽ ገረሱ አልሳቁም። ፊታቸውን መስኮቱ ላይ ለጥፈው በርጩማዋን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ አሰቡ። ከዚያ በሩን ከፈቱና፣

«መስኮቱን አልፏል። ግባ» አሉት። ለሳምሪም፣ «ተነሺ ልጄ፣ የሰው ወረፋ ላይ ነው የተቀመጥሽው።»

ሳምሪ ግራ ገብቷት ቆማ ሠራችለት። ፈቃዱ ታተመ። አልአሚን ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ ሊወጣ ሲል ሳምሪ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ ውጭ፣ «ሲስተሙ እየተንቀራፈፈ ነው! ወደ ውስጥ የገባውን ብቻ ነው የምንጨርሰው!» አለች።

አልአሚን በሩ ላይ ቆመ። ሂባ በርጩማዋን እንደያዘች ታየዋለች፤ የእሷም መደብ ነገ ይታሸጋል። ወረቀቱን ኪሱ ከተተና ተመልሶ ስለሺ ጠረጴዛ ፊት ቆመ።

«ጥፋቴን ላምን ነው። የዚያችን ሴት በርጩማ ያለ ፈቃድ ነው የሠራሁት። ከኋላዋ ያለውንም። እስከ አስፋልቱ ያለው ሁሉ ሕገወጥ ነው። ለምን ወርሰህ አታስገባውም?»

ውጭ ያሉት በመስኮቱ ሰምተዋል።

«ውረሱን!» ብላ ሂባ በርጩማዋን በራሷ ላይ አነሣች። «የኔ ሕገወጥ ነው!» «የኔም!» «ኧረ የኔ ይባስ!» በርጩማው ሁሉ ከመሬት ተነሣ፤ ጋሽ ገረሱም በሩን በሁለት በኩል ከፍተው ከሂባ እጅ ተቀበሉና፣ ሕግ ነውና፣ የመጀመሪያውን ኤግዚቢት ራሳቸው ተሸክመው አስገቡ።