ዝማሜ በማሽኑ ውስጥ

አባቴ የአቋቋም መምህር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ደብረ ታቦር ላይ መቋሚያ ይዞ፣ በከበሮ ምት ወዲህና ወዲያ እያለ ዝማሜ ሲያስተምር ኖሯል። ካቻምና ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቆይቶም በር ላይ ሲደርስ እግሩ ከመሬት ተጣብቆ እምቢ ይለው ነበር። በክረምቱ ጭጋግ ደጀ ሰላሙ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳየው ሰው ይሁን ዛፍ አልለይም። የሱ ጭንቀት አንድ ነበር፤ ለነሐሴው የደብረ ታቦር በዓል ማሕሌት መቆም ይቀርብኝ ይሆን?

ሐምሌ ላይ ባሕር ዳር ወሰድኩት። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ጠርጥሮ ረቀቅ ያለ የአንጎል ምስል አዘዘ። ኤምአርአዩ ውስጥ ሲያስተኙት ባለሙያው “አባቴ፣ ንቅንቅ እንዳይሉ” አለው። እሺ አለ።

ማሽኑ መምታት ጀመረ። ድም፣ ድም፣ ድም ድም። ጆሮዬን ደፍነውልኝ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ድምፁ ከሩቅ እየመጣ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ፤ ክፍሉም ቀስ በቀስ ቅኔ ማሕሌት ሆነብኝ፣ ነጩ ግድግዳ የካህናቱ ሸማ። ባለሙያው ገብቶ ሲቆጣ ባነንኩ። አባቴ ጭንቅላቱን ሲያወዛውዝ ምስሉ ተበላሽቷል።

“ምነው አባቴ፣ አይንቀሳቀሱ አላልኩም?”

“ልጄ፣ እንዲህ እየተመታ እንዴት ዝም ብዬ ልተኛ?”

ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። እንደገና ሲያስገቡት እግሩን ያዝኩለት። ጭንቅላቱ አልተነቃነቀም። አውራ ጣቱ ብቻ በመዳፌ ውስጥ ምቱን ይከተል ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ሐኪሙ ምስሉን አሳየን። በጤነኛ ሰው አንጎል እዚህ ጋ ነጣ ያለ ነጥብ ይታያል፣ የእርስዎ ጠፍቷል አለው። ከሌላው ምልክት ጋር ሲታይ ፓርኪንሰን ነው፤ መድኃኒቱ ያግዛል እንጂ አያድንም። በሐኪሙም በነጥቡም ተናደድኩ። አባቴ ግን ምስሉን ትክ ብሎ አየ።

“የጠፋውስ ይጥፋ። ከበሮ የሚሰማበት የቱ ጋ ነው?”

“እዚህ ገደማ። እሱ ደህና ነው።”

ስንወጣ በሩ ላይ እግሩ ቀጥ አለ። ከኋላችን ሰው ተሰለፈ፤ አንዱ “ቶሎ በሉ እንጂ!” አለ። ሴት ነኝ፣ ማሕሌት ቆሜ ከበሮ መትቼ አላውቅም፤ ግን ስሰማው ነው ያደግሁት። የበሩን መቃን በመዳፌ መታሁ። ድም፣ ድም፣ ድም ድም።

አባቴ ወደ ጎን ዘመም አለ፤ ከዚያ እግሩን አነሣና ተሻገረ።

“ፈጠንሽ” አለኝ ዞር ብሎ። “የበዓሉ ከዚህ ቀስ ይላል።”