ሹራብና ሰላምታ

አምቦ ላይ ትንሽ ሱቅ ይዤ የልጆች ሹራብ በእጄ እሠራ ነበር። ገበያው ሲቀዘቅዝ ባለቤቴ ኢንተርኔት ላይ ገጽ ከፈተልኝ። «እስከ መስቀል ሰው ካልበዛ ሱቁን ዘግተሽ ቤትሽ ትቀመጫለሽ» አለኝ። ለእኔ ከነሕይወቴ ተቀበሪ እንደ ማለት ነበር።

ገጽ ላይ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። ሰው ደጄ ሲመጣ ሰላም ማለት ግን አውቃለሁ። ስለዚህ ገጹን ወደድኩ ላለ ሁሉ አንድ በአንድ እጽፍ ጀመር፤ አካም ጅርቱ? ልጆቹ ደህና? ከብቶቹስ? ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? እነሱም ይመልሳሉ። አንዲት የጎጆ ከተማ ጤና ጣቢያ ነርስማ፣ በፎቶዋ ቦታ አበባ የለጠፈች፣ የአገሯን ብርድ ሳትነግረኝ አትሰነብትም። ሹራብ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

ሁላቸውም ቢሰበሰቡ አንድ ሚኒባስ አይሞሉም። ባለቤቴ ተናደደ። «ሱቅ ነው የከፈትኩልሽ ወይስ እድር?»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልኩት።

«ያንቺው እንቁላል እኮ ገማ!»

አዲስ አበባ በክፍያ የገጽ ሰው የሚያበዛ አለ ተባለና ገጹን ለእሱ ሰጠው። በሳምንቱ ገጹ በሺዎች ተጥለቀለቀ። ፊደላቸው የየት አገር እንደሆነ እግዜር ይወቅ። እነሱንም ሰላም አልኳቸው፤ አንድም የመለሰ የለም። ይህ ሁሉ ሕዝብ ደጄ ቆሞ እንዴት አንድ ሰው እንኳ አያስነጥስም? የድሮዎቹን ብፈልግ በግርግሩ መሀል ጠፉብኝ። ግራ ሲገባኝ መጻፉንም ተውኩት። ባለቤቴ «አየሽ፣ አደግን!» ይላል፤ ሱቁ ውስጥ ያለነው እኔና ዝንቦች ነን። ማደጋችን ይሁን መሞታችን አልለይ አለኝ።

መስቀል ሊደርስ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጫማዋ በጭቃ የተለወሰ ሴት ነጠላዋን ለሐዘን ዘቅዝቃ ገባች። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሹራቦች አየች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«የሹራብ ሠሪዋ እህት ነሽ?»

«ሠሪዋ እኔው ነኝ።»

«ያ ዋቅ! አምላኬ! አለሽ?» ብላ በርጩማው ላይ ዘጭ አለች።

ባለ አበባዋ ነርስ ነበረች። ብትጽፍ ብትጽፍ መልስ ስታጣ፣ ከጎጆ ድረስ ያንን መንገድ በጭነት መኪና እየተንገላታች መጣች። «እስከ ከብት ድረስ የሚጠይቅ ሰው ድንገት ዝም ሲል፣ ሞተች እንጂ ምን ልበል?»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? አቀፍኳት። በዚህ መሀል ባለቤቴ ገባና «ደንበኛ ናት?» አለኝ።

«ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት» አለችው ራሷ፣ ነጠላዋን እያቃናች። ከዚያ ከጫፉ ላይ የተቋጠረ ገንዘብ ፈታ እጄ ላይ አኖረችው። «የጤና ጣቢያው ሰው ሁሉ ለለቅሶሽ ያዋጣው ነው። እንግዲህ ካልሞትሽ ለልጆቻችን ሹራብ አድርጊው።»

ባለቤቴ እኔን አየ፤ ቋጠሮውን አየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መዝጋት አላነሳም። እነዚያ ሺዎቹ ለምን እንደመጡ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።